ሁለት መቶ ሃያ ሜትር

ሰዓት ሠሪው ከፍርስራሹ ሥር ሲወጡ ቀኝ እጃቸው ወረንጦውን እንደጨበጠ ነበር። ግድግዳው ሲናድባቸው ከወንበራቸው ለመነሳት እንኳ አልሞከሩም። ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ አንገታቸውን ጠረጴዛው ላይ ደፍተው፣ የሰው የእጅ ሰዓት ሆዱን ከፍተው እየሠሩ ሳለ ነው ሞት የመጣባቸው። የመጣውም ቢጫ ቀለም በተቀባ፣ ድምፁ አገር ምድሩን በሚያናውጥ ኤክስካቫተር ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቶታል። እሳቸው ግን ከሃያ ዓመት ወዲህ ምንም ነገር ሰምተው አያውቁም። መሬቱ ቢንቀጠቀጥም ከቁብ አልቆጠሩት ይሆናል፤ ድንጋይ የጫነ መኪና በደጃፋቸው ሲመላለስ የሚውልበት ሰፈር ነው።

መርማሪዋ የደረሰችው ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከቤቱ የቀረው የፊት ለፊቱ ግድግዳ ብቻ ነበር። በሩ እንደተዘጋ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ከበስተኋላው ግን ሰማይ ነው የሚታየው። በሩ ላይ በጥቁር ቀለም የተጻፈች ሰሌዳ ተቸንክራለች፦ «ጆሮዬ አይሰማም። ገመዱን ይሳቡ።» ከሰሌዳዋ ሥር በግድግዳው ቀዳዳ የወጣ ገመድ ተንጠልጥሏል። ጎረቤቶቹ እንደነገሯት ገመዱ ሲሳብ ከጠረጴዛው በላይ ቀይ ጨርቅ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሽማግሌውም ቀና ብለው «መጣሁ፣ መጣሁ» ይላሉ። መርማሪዋ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ገመዱን ሳበችው። ምንም ሳይታገላት ጫፉ ተጎትቶ እጇ ላይ ቀረ።

የኤክስካቫተሩ ነጂ መሬት ላይ ተቀምጧል። ከድንጋዩ መሀል የአንድ እግር ነጠላ ጫማ ብቅ ሲል ሞተሩን አጥፍቶ ወርዶ፣ በአካፋ ቢቆፍር እንዳይወጋቸው ፈርቶ፣ በባዶ እጁ ነው የቆፈረው። ከአሥሩ ጥፍሮቹ ስድስቱ ተነቅለዋል። ፖሊስ ሰንሰለት ይዞ ሲመጣ ሳይጠየቅ እጆቹን ዘረጋ። ሰንሰለቱን ያጠለቀለት ፖሊስ የት ጋ እንደሚይዘው ቸግሮት ቆየ።

ጣቢያ ከገቡ በኋላ ነጂው የሚለው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ከተማው ትልቅ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ያስቆፍራል። በቦዩ መስመር ላይ ያሉ ቤቶች ከወር በፊት ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸው ወጥተዋል ተብሏል። ለእሱ የሚሰጠው ቁጥር የተደረደረበት ወረቀት ነው፤ ቁጥሩን በእጅ በሚያዝ ቦታ ጠቋሚ ጂፒኤስ ውስጥ ያስገባል፤ ጂፒኤሱ ሂድ ወዳለው ይሄዳል።

«እዚህ ነው አለኝ፤ መጣሁ።»

«ማን ነው ያለህ?»

«መሣሪያው ነዋ፣ ኢንስፔክተር።»

ከቤቱ በስተጀርባ ባለው ገደል አፋፍ በኩል ስለመጣ በሩንም ሰሌዳውንም አላየም። ሦስት ጊዜ ክላክስ አድርጓል። ወርዶም ሰው አለ ወይ ብሎ ተጣርቷል። ይህንን ሲናገር ድምፁ እየሰለለ ሄደ። መሣሪያውን ሲያስተካክል ተሳስቶ እንደሆነ ጠየቀችው። ወረቀቱ አናት ላይ «የድሮው መነሻ» የሚል ጽሑፍ ካለ ከመሣሪያው ሦስተኛውን ምርጫ እንደሚጫን፣ ምንም ከሌለ ግን መሣሪያውን እንዳለ እንደሚተወው፣ ሥራውንም ከከተማው ካርታ ክፍል የተማረው እንዲህ ብሎ እንደሆነ ነገራት።

«ይሄኛው ላይስ?»

«ምንም አልነበረውም። ወረቀቱ እዚያው እናንተው ዘንድ ነው፤ ይዩት።»

አየችው። አሥራ ሁለት መስመር ቁጥር ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። «የድሮው መነሻ» ምን ማለት እንደሆነ አልገባትም፤ እንዳልገባት መናገርም አፈረች። ሰባት ዓመት ውጭ ተምራ የተመለሰች መርማሪ ናት። ከተመለሰች ጀምሮ ጣቢያው ውስጥ ሁሉም ነገር የሚገባት ሴት ተደርጋ ስለምትታይ፣ አልገባኝም የምትልበት አፍ አጥታለች።

ጫማዋን ከጭቃ ሳትጠርግ አዛዡ ቢሮው አስጠራት። ጠረጴዛው ላይ ከከተማው ካርታ ክፍል የመጣ ደብዳቤ ተቀምጧል። ማኅተሙ ገና አልደረቀም። «በተፈጠረው የቴክኒክ ስህተት ለደረሰው ሕልፈት የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን» ይላል። ሬሳው ገና ከሐኪም ቤት አልወጣም።

«ቸልተኝነት ነው፤ ነጂው ነው። አርብ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ይሂድ» አላት አዛዡ።

«ደብዳቤው ስህተት ነው ይላል። የማን ስህተት እንደሆነ ግን አይልም።»

«የነጂው ነዋ። ያፈረሰው እሱ አይደለም እንዴ? አታወሳስቢው።»

አርብ አራት ቀን ይቀረዋል። ሰው ገድሏል ተብሎ የሚፈረድበትን የእስር ዘመን በልቧ አሰላችው። የነጂውን እጆች አሰበች። 

የሰዓት ሠሪው ብቸኛ ልጅ በአካባቢው ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። አባቷ የሞቱት እሷ ተረኛ ሆና ባደረችበት ጠዋት ነው። መርማሪዋ እዚያው ስታገኛት ነጭ ጋውኗን እንኳ አላወለቀችም፤ በማግስቱም ሥራ ገብታለች። ቤት ሄዳ የምትቀመጥበት ቤት የላትም። መርማሪዋ የሐዘን ቃል ጀምራ ሳትጨርስ ከአፏ ነጠቀቻት።

«ያን ሰውዬ ልታስሩት ነው አሉኝ።»

«ምርመራው ገና...»

«አባቴን በእጁ ቆፍሮ ያወጣው እሱ ነው። ሌላው ሁሉ ደብዳቤ ነው የጻፈው።» ከኪሷ ያንኑ ደብዳቤ አወጣች፤ ለእሷም ደርሷታል። «ማስጠንቀቂያ አልተሰጠንም፤ መስመሩ ላይ አይደላችሁም ተብለናል። አንድ ሰው ግን ያን ማሽን ወደኛ ልኮታል። እሱን አምጪልኝ። እጁ የተላጠውን ሰውዬ አምጥተሽ ይኸው እንዳትይኝ፤ እንደሱ ካልሽኝ እኔና አንቺ ሁለተኛ አንነጋገርም።»

የካርታ ክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ሰፊና ንጹሕ ነው። ኃላፊው ሲያያት የጠረጴዛውን ጠርዝ ተደግፎ ተነሳ፤ ወንበር ሳበላት። ውጭ እንደተማረች ሰምቷል፤ እሱም እዚያው ነው የተማረው። እኛ የተማርን ሰዎች እዚህ አገር ስንሠራ፣ አለ፣ እኛው ነን የምንግባባው። ከዚያ ስለ ማጣቀሻ ሥርዓቶች አለመጣጣም፣ ስለ መሬት ቅርጽ መዛነፍ፣ ስለ መነሻ ልዩነት አፉን ሞልቶ ግማሽ ሰዓት አስረዳት። ሥርዓቱን መሣሪያው ላይ መምረጥ የሳይት መሐንዲሱ ኃላፊነት ነው፤ ልጁ ደግሞ ገና ጀማሪ ነው፤ ነጂዎቹም የተማሩ አይደሉም። ሁሉም ያሳዝናል።

«ቦታውን ያውቁታል?» አለችው።

«ያን ሰፈር ረግጬው አላውቅም። የኔ ሥራ ወረቀት ላይ ነው።»

መርማሪዋ ራሷን እየነቀነቀች ሰማችው። ደረጃውን ስትወርድ ግን ከነገራት አንዱንም መድገም እንደማትችል ታወቃት። ገብቷት ሳይሆን እንደሱ ዓይነት ሰው ስለሆነች ነው የነቀነቀችው። በራሷ አፈረች።

መሐንዲሱ ያለፈው ዓመት የተመረቀ፣ ሸሚዙ የሚሰፋው ቀጭን ወጣት ነው። ኤክስካቫተሩ ሲሠራ አጠገቡ መቆም ግዴታው ነበር፤ አልቆመም። የት ነበርክ ስትለው ዕቃ ግምጃ ቤት ሲሚንቶ እየተረከብኩ ነበር አለ። ግምጃ ቤቱ ሄዳ ጠየቀች፤ በዚያ ጠዋት እንኳን መሐንዲሱ ሲሚንቶም አልመጣም ተባለች። ከዚህ በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ነገሩ ያለቀ መሰላት። ዋሽቷል፤ ሥርዓቱን የመምረጥ ሥራ የእሱ ነው፤ ኃላፊውም ያለው ይህንኑ ነው። ጣቢያ አስመጥታ ፊት ለፊቷ አስቀመጠችውና ሌላ ውሸት እንዳይሞክር አስጠነቀቀችው።

ልጁ ማልቀስ ጀመረ። ሚስቱ ምጥ ይዟት ከእሷ ጋር ጤና ጣቢያ ነበር። ሳይት ትቶ መሄድ ከሥራ ያስባርራል፤ ቤት ውስጥ ደግሞ አሁን ሦስት ሆነዋል። የሥራ ወረቀቱን ቅዳሜ ከካርታ ክፍል በታሸገ ፖስታ ተቀብሎ፣ ሰኞ ማለዳ ሳይከፍት ለነጂው ሰጥቶ ነው የሮጠው።

መርማሪዋ ጤና ጣቢያው ተመለሰች። አዋላጇ የወሊድ መዝገቡን ከፍታ በጣቷ ወረደች። አንድ ሰዓት ከአርባ፤ ሴት ልጅ። ከዚያ ጣቷ ቆመ።

«እኔ ነኝ ያዋለድኳት» አለች ቀስ ብላ። «አባትየው ኮሪደሩ ላይ ሲያለቅስ ነበር፤ ቁጭ በልና ውሃ ጠጣ ብዬዋለሁ። አባቴ ላይ ግድግዳው ሲናድ ያቺን ሕፃን ይዤ ነበር ማለት ነው።» መዝገቡን ዘጋችው። «እንግዲህ እሱም አይደለም።»

እሱም አይደለም። ማክሰኞና ረቡዕ አለቁ።

ሐሙስ ጠዋት መርማሪዋ መዝገቡን ለዐቃቤ ሕግ አዘጋጂ ተባለች። ወረቀቶቹን ሰብስባ ጫፋቸውን ጠረጴዛው ላይ እየመታች ስታስተካክል፣ የነጂው ወረቀት ከሌሎቹ መሀል ሰመጠ። አወጣችውና ከሌላ ወረቀት ጋር ደርባ ያዘችው። ወርዱ እኩል ነው። ቁመቱ ግን አራት ጣት ያጥራል። ከላይም ከታችም ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ስለታም ነው፤ ፋብሪካ የቆረጠው ጠርዝ ግን አይደለም።

ካርታ ክፍሉ ምድር ቤት የድሮ ካርታዎች የሚቀመጡበት ክፍል አለ። የክፍሉ ሹም ጡረታቸው የደረሰ ሽማግሌ ናቸው፤ ከጆሯቸው እርሳስ ስለማይጠፋ «ጋሼ እርሳስ» ይሏቸዋል። የነጥብ ዝርዝር ሁሉ የሚወጣው ከሳቸው እጅ ነው። መርማሪዋ ይህን ጊዜ አላፈረችም። የድሮው መነሻ የሚባለውን አላውቅም፣ እንደማያውቅ ሰው ያስረዱኝ አለቻቸው።

ሽማግሌው ደስ አላቸው። ክፍሉ ሁለት በሮች አሉት።

«ልጄ፣ ከበሩ ተነስተሽ አሥር እርምጃ ሂጂ ብልሽ የት ትደርሻለሽ?»

«ከየትኛው በር?»

«ይኸው አወቅሽው። ሌላ ምንም የለውም፤ እላይ ያሉት ናቸው ጭጋግ የሚያለብሱት።» ከዚያ ተረጋግተው ነገሯት። የድሮ ቀያሾች ኮረብታ ላይ የሲሚንቶ ምሰሶ ተክለው ከዚያ ጀምረው ለኩ፤ የከተማዋ ካርታ ሁሉ የተሳለው በዚያ ነው። አዲሱ መሣሪያ ሳተላይት እያየ ከመሬት እምብርት ነው የሚለካው። ሁለቱም ልክ ናቸው። ነገር ግን ያንኑ ቁጥር ለሁለቱ ብትሰጪያቸው የሚያቆሙሽ ሁለት ቦታ ላይ ነው፤ እዚህ ከተማ ልዩነቱ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሁለት መቶ ሃያ ሜትር ነው። ስለዚህ ከቁጥሩ በፊት የትኛውን ሥርዓት እንደመረጥሽ መናገር አለብሽ። ሳይናገሩ ቁጥር መስጠት ሰውን በጨለማ እንደ መላክ ነው።

«እርስዎ ታዲያ ሲያወጡት ተናግረው ነበር?»

ጋሼ እርሳስ ቅር አላቸው። ተነስተው ከመሳቢያ የራሳቸውን ቅጂ አመጡና ከነጂው ወረቀት ጎን አነጠፉት። አሥራ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ በአንድ ይገጥማሉ። በሽማግሌው ቅጂ ላይ ግን ከቁጥሮቹ በላይ በቀይ እርሳስ «የድሮው መነሻ» ተብሎ ተጽፏል። ከበታቻቸውም አሥራ ሦስተኛ መስመር አለ።

«ይሄ ምስክር ነጥብ ነው» አሉ ጣታቸውን አሳርፈው። «ሰፈሩ ያለው የውሃ ታንከር ነው። ማንም የኔን ዝርዝር የያዘ ሰው ሥራ ሳይጀምር ታንከሩ ሥር ይቆማል፤ መሣሪያው ታንከሩ እዚህ ነው ካለው ይሄዳል፤ ሌላ ቦታ ነው ካለው እኔ ዘንድ ይመጣል። ከላይ ስም፣ ከታች ምስክር። እንኳን እኔ፣ ግድግዳው ራሱ ያውቀዋል።»

እውነታቸውን ነው፤ ትእዛዙ በመስታወት ተደርጎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ የተፈረመው በኃላፊው ነው። ከስድስት ዓመት በፊት እሱ ራሱ ነው ያወጣው።

መርማሪዋ ሁለቱን ወረቀቶች ደጋግማ አየች። ተሳስቶ ሌላ ሥርዓት የመረጠ ሰው ቢሆን ኖሮ ምስክር ነጥቡን አይነካውም ነበር። ነጂው ታንከሩ ሥር ቆሞ መሣሪያው ሌላ ቦታ ሲነግረው ይነቃ ነበር። ወረቀቱን ከላይም ከታችም የቆረጠው መቀስ የወሰደው ሁለቱን ጠባቂዎች ብቻ ነው፤ ከቁጥሮቹ አንዱንም አልነካም። ይህ ስህተት አይደለም።

«ከእርስዎ እጅ ወጥቶ ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ ኃላፊው፤ አይቶ ፖስታ ውስጥ ያሽገውና ክዳኑ ላይ ይፈርማል። ከዚያ ለመሐንዲሱ፣ ከዚያ ለነጂው። ከሦስቱ ባንዱ እጅ መቀስ ነበር ማለት ነው።»

«እውነተኛው መስመርስ የት ነው የሚያልፈው?»

ጋሼ እርሳስ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አወረዱ። ከተናደው ቤት ሁለት መቶ ሃያ ሜትር ወደ ሰሜን ምሥራቅ። ካርታው ላይ፣ መንገዱ ዳር ባለው ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ላይ ምልክት አደረጉ።

እውነተኛው መስመር ላይ የደረሰችው ከቀትር በፊት ነው። ማስጠንቀቂያ የደረሳቸው ሰዎች ታዛዦች ነበሩ። አንድ አናጢ ሱቁን ጣውላ በጣውላ ነቅሎ ሄዷል። አንዲት መበለት የአጥሯን ቆርቆሮ ሳይቀር ይዛ ወጥታለች። ከእነዚህ መሀል ባለ ሦስት ፎቁ ብቻ እንደ ሙሽራ ቆሟል። ማስጠንቀቂያው ለእሱም ተሰጥቷል፤ ሰኞ ጠዋት መፍረስ የነበረበት ሕንፃ ነው። ነገር ግን ከሥር ያለው መድኃኒት ቤት መደርደሪያው ሞልቷል፤ ከጎኑ ያለው ፎቶ ቤትም ፎቶ ያነሳል። ባለፎቁ የት እንዳለ ስትጠይቅ ሐሙስ ሐሙስ እንደማይገኝ ተነገራት።

ጥጉ ላይ ያለው ልብስ ሰፊ የሱቁ መስኮት አዲስ ነው፤ የመስታወቱ ማጣበቂያ ፑቲ ገና አልደረቀም። መቼ እንደተገጠመ ጠየቀችው።

«እሑድ» አላት መርፌ በከንፈሩ እንደያዘ።

«ሰኞ ሊፈርስ የነበረ ቤት እሑድ መስታወት ይገጠምለታል?»

መርፌውን አወጣ። «እኔም ብያለሁ። ባለፎቁ ሳቀብኝ። ቁጭ በልና ስፋ፤ መስመሩ እኛ ጋ አይደርስም አለኝ። ባለቤቱ ካልፈራ እኔ ምን ቤት ነኝ ብዬ ቁጭ አልኩ።»

«እንዴት አወቀ?»

ልብስ ሰፊው ዞር ዞር ብሎ አየ። ከሁለት ሳምንት በፊት ባለፎቁ የእህቱን ባል ይዞት መጥቶ ነበር። ሰውየው ትንሽ መሣሪያ ይዞ እዚህ መስኮት ሥር ቆመ፤ ከዚያ እርምጃውን ጮክ ብሎ እየቆጠረ በዚህ ቁልቁለት ወደ ታችኛው ሰፈር ወረደ። ልብስ ሰፊው በዚያ ጥሩ ጫማ ጭቃውን እየረገጠ ሲሄድ አይቶ ስቆ ነበር።

«ብታየው ታውቀዋለህ?»

«ፊቱን እንኳ እንጃ፤ እኔ ፊት አልይዝም፣ ልክ ነው የምይዘው። ሱሪ ሰፍቼለታለሁ።» ቅባት የጠገበ ደብተር ከመደርደሪያ አወረደ። «ስም አልጻፍኩም፤ ወገብ ዘጠና ስድስት። ቀኝ እግር መቶ አራት፣ ግራ መቶ ሁለት። የግራ እግሩ በሁለት ሴንቲ ያጥራል። ሲነሳ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይደገፋል።»

መርማሪዋ የጠረጴዛውን ጠርዝ ተደግፎ ወንበር የሳበላትን ሰው አስታወሰች። ያን ሰፈር ረግጬው አላውቅም ያላትን ሰው። በዓይኗ ያየችውን ነገር፣ ምን ብትደነዝዝ ነው ሳታስተውለው የቀረችው? ሰውየው «እኛ» ስላላት ነው።

ከዚያ ወጥታ በቀጥታ የሄደችው ኤክስካቫተሩ ወደቆመበት ነው። ከነጂው ወንበር ሥር ከአሮጌ ጋዜጣና ከውሃ ጠርሙስ ጋር ፖስታው ተገኘ። ነጂው የቀደደው በጎኑ ነው፤ ክዳኑ እንደተጣበቀ ነው። በክዳኑ መጋጠሚያ ላይ፣ ግማሹ ክዳኑ ላይ ግማሹ ፖስታው ላይ ያረፈ፣ ምድር ቤት ግድግዳ ላይ ያየችው የኃላፊው ፊርማ አለ። አልተነካም።

ኃላፊው ዛሬም ወንበር ሊስብላት ተነሳ። እንዳይቸገር ነግራው ቆመች። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን፣ ፖስታውን ከበላያቸው አደረገች። አየት አደረጋቸውና ተቀመጠ።

«ይህ ወረቀት የተቆረጠው ፖስታው ከመታሸጉ በፊት ነው» አለችው። «ያሸጉት ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

«ወረቀት ተቆረጠ እንግዲህ። እኔ ውሸት የጻፍኩበትን መስመር አሳዪኝ።»

«የለም። አንድም ቃል አልጻፉም።»

«ታዲያ?»

«ቆርጠው ጣሉ። ስሙን ከላይ፣ ምስክሩን ከታች። የቀረውን መሣሪያው ይጨርስልዎታል። ነጂው ስም ካላየ መሣሪያውን እንዳለ እንደሚተወው ያውቃሉ፤ ያስተማሩት እርስዎ ነዎት። ትእዛዙም የእርስዎ ነው፤ ምድር ቤት ተሰቅሏል።»

ወረቀቶቹን ወደ እሷ ገፋቸው። ከዚያ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ እንደ ጓደኛ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ጉዳዩን እሷ ብቻ ልትረዳው እንደምትችል ነገራት። ያ ፎቅ የሚስቱ ወንድም የዕድሜ ልክ ልፋት ነው፤ ስንት ሰው ይተዳደርበታል። ቁፋሮው ሌላ ቦታ አንዴ ከተጀመረ ከተማው ንድፉን ወደዚያው ያዞረዋል፤ ሁልጊዜም የሚሆነው ይኸው ነው። ማንም ሰው እንዲጎዳ አልፈለገም። ደግሞም እዚያ ቤት የለም። ካርታውን ከመሳቢያ አውጥቶ ዘረጋላት። እውነትም ካርታው ላይ ከገደሉ አፋፍ ነጭ ቦታ ነው ያለው። ሜዳ።

«ታዪዋለሽ? ባዶ ነው።»

መርማሪዋ ነጩን ቦታ አየችው። ሠላሳ ዓመት ሰው የኖረበት ነጭ ቦታ ነው። የመንግሥት ካርታ ስላልሳለው ሰው የለበትም ተባለ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ካርታውን ብቻ አላዩም። እርምጃዎን እየቆጠሩ በእግርዎ ወርደዋል። ግራ እግርዎን በሴንቲ የሚያውቅ ሰው አይቶዎታል። ሁለት መቶ ሃያኛው ሜትር ላይ ምን አገኙ?»

ኃላፊው የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ፤ ግን አልተነሳም። ፊቱ የተለወጠው ያን ጊዜ ነው።

«አንኳኳሁ እኮ» አለ። «ደጋግሜ አንኳኳሁ። ማንም አልከፈተም። የተተወ ቤት መሰለኝ።»

መርማሪዋ ቦርሳዋን ከፈተች። ሰኞ ጠዋት እጇ ላይ የቀረውን ገመድ አውጥታ ነጩ ቦታ ላይ አስቀመጠችው።

«በሩ ላይ ጽሑፍ ነበር» አለችው።

ገመዱን አየ። «ነበር» አለ ቆይቶ። «አላነበብኩትም።»

አዛዡ መዝገቡን ሐሙስ ማታ አነበበው። ሁለት ቦታ ላይ ቀና ብሎ አያት፤ ሁለት ጊዜም ተመልሶ አነበበ። ቸልተኝነት የሚለው የነጂው ክስ ተሰርዟል። ከበላይ ስልክ ተደውሎ እንደነበር፣ አሁንም የቴክኒክ ስህተት የሚለው ቃል ቢገባ ለሁሉም እንደሚሻል አልደበቃትም። እሷም ቃሉን ልታስገባው ፈቃደኛ እንደሆነች፣ ነገር ግን ከጎኑ የሁለት ሴንቲ ሜትሩንና የመቀሱን ነገር እንደምትጽፍ፣ ያለዚያ ግን ደብዳቤውን የጻፉት ራሳቸው መጥተው በመዝገቡ ላይ እንዲፈርሙ ነገረችው። አዛዡ ብዕሩን አነሳና ፈረመ። 

አርብ ጠዋት ነጂው ተፈታ። ዕቃውን ሲረከብ ቀበቶውን፣ ቁልፉንና የሚስቱን ፎቶ ወሰደ። ጂፒኤሱን ግን የመሥሪያ ቤቱ ስለሆነ እዚያው ይቆይ አለ፤ ሊነካውም አልፈለገም። መርማሪዋ እስከ በሩ ሸኘችው።

አዋላጇ ከጣቢያው ውጭ ግንቡ ሥር ቆማለች። ነጂው ሲያያት ቆመ። ጠዋት ሁሉ ሊል ያዘጋጀው ነገር ነበረው፤ መርማሪዋ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይታው ነበር።  እጆቹን ወደ ኋላው ደበቀ።

አዋላጇ መንገዱን ተሻግራ ፊቱ ቆመች። ትከሻዋ ላይ የሥራ ቦርሳዋ አለ።

«ጥፍሮችህን አሳየኝ» አለችው።

አመነታ። ከዚያ ሁለቱንም እጆቹን፣ ሰኞ ዕለት ለሰንሰለት እንደዘረጋቸው ዘረጋቸው። ጣቢያው ያሰረለት ፋሻ ቆሽሿል፤ ከቁስሉ ጋር ተጣብቋል። አዋላጇ ግንቡ ላይ አስቀመጠችው፤ አጠገቡ ተቀመጠች፤ የውሃ ጠርሙሷን ከፍታ ፋሻውን ማራስ ጀመረች። ሲያመው በጥርሱ አየር ሳበ። ቀስ እያለች፣ አንድ ጣት ስትጨርስ ወደሚቀጥለው እየሄደች ፈታችለት።

መርማሪዋ በሩ ላይ ትንሽ ቆማ አየቻቸው። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባች። ኃላፊው ቃሉን የሚሰጥበት ሰዓት ደርሷል፤ ባለፎቁም ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።